የኦክ ጠረጴዛን በጨርቅ ዘይት መቀባት፦ ስንት እጅ ይበቃል? ለምንስ ይጣበቃል?

ጠረጴዛ_ፊት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ፊቱ 160 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የኦክ የምግብ ጠረጴዛ እና ሁለት የፓይን ኮሜዲኖ አሉኝ። አሮጌው ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ እንጨቱ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። አሁን ቫርኒሽ መልሼ መደረብ አልፈልግም። እንጨቱ እንጨት እንደመሰለ እንዲቆይ በጨርቅ የሚቀባ ዘይት መጠቀም ነው ሐሳቤ።

በትርፍ ቁራጮች ላይ የተልባ ዘይት ሞክሬ ሁለት ነገር አላማረኝም። በብሩሽ ወፈር አድርጌ ቀብቼ የተውኩት ቁራጭ አሁንም እጅ ይይዛል። በጨርቅ የተጠረገው የኦክ ቁራጭ ላይ ደግሞ በነጋታው የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ወጡበት።

የትኛው ዘይት ይሻላል? ብርጭቆ ወረቀቱን እስከ ስንት ቁጥር ልውሰደው? ስንት እጅ ልቀባ፣ በመሃሉስ ምን ያህል ልጠብቅ? የኮሜዲኖዎቹ መሳቢያ ውስጡም ይቀባል? በዝርዝር ለሚነግረኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ቃጫ_በቃጫ

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ጣሳውን አንብብ። የተልባ ዘይት ጥሬው አለ፣ ማድረቂያ የተጨመረበት «ቦይልድ» የሚባለውም አለ። ጥሬው ስስ ተደርጎ ቢቀባ እንኳ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ለቤት ዕቃ አትድከምበት። ቦይልዱ የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ ማድረቂያ ስለሚገባበት፣ ትርፉ በደንብ ከተጠረገና ክፍሉ ሞቅ ያለ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። ሁለቱም ግን እያደሩ ወደ ቢጫነት ይሄዳሉ፣ ውሃም ብዙ አይመክቱም። ታንግ ዘይት (ከታንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀው) ቢጫነቱ አነስ ያለ ነው፣ ውሃም ከተልባ ይልቅ ይችላል። ችግሩ ንጹሑ ታንግ በእያንዳንዱ እጅ መሃል ሁለት ሦስት ቀን፣ ብርድ ከሆነም ከዚያ በላይ መጠየቁ ነው። የወይራ ዘይትና የማዕድን ዘይት ከነጭራሹ አይደርቁም፤ እንጨቱን ቅባት አድርገው ይቀራሉ፣ በኋላ ላይ ሌላ ነገር ልደርብ ብትልም ያስቸግሩሃል።

ለምግብ ጠረጴዛ ብቻውን ዘይት አልመክርም። ዘይት፣ ቫርኒሽና ማቅጠኛ የተቀላቀለበትን ውሰድ። ተዘጋጅቶ «ዴኒሽ ኦይል» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ይኸው ነው፤ የቅልቅሉ መጠን ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በዘይቱ ምክንያት በጨርቅ ለመቀባት ቀላል ነው፣ በቫርኒሹ ምክንያት ደግሞ ከንጹሕ ዘይት ይጠነክራል።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ፦ ከ120 ወደ 150፣ ከ150 ወደ 180 ሂድ። ለኦክ ፊት 180 ይበቃል፣ ግፋ ቢል 220። ከዚያ በላይ ከሄድክ ፊቱ ተወልውሎ ይለሰልስና ዘይት የመጠጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ገርጥቶ ይቀራል። በተሻጋሪ የተቆረጡትን ጫፎች ግን አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ እስከ 220 ወይም 240 ፈግፍግ። ጫፍ ከፊት ይልቅ ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ፣ እኩል ከፈገፈግከው ጠቁሮ ይወጣል። ቁጥር አትዝለል። የ120ው ጭረት በ150 ካልጠፋ በ180 አይጠፋም፤ ደረቅ እንጨት ላይ አይታይህም እንጂ ዘይት ሲነካው ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ዘይቱን ከመንካትህ በፊት ይህን አድርግ። መብራት ዝቅ አድርገህ ከጎን አብራበትና በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የረጠበ ጨርቅ ፊቱን ሁሉ አዳርስ። እንጨቱ ዘይት የተቀባ ያህል ቀለሙ ይወጣል። የቀረ ጭረት ካለ ይታያል። የኮላ ቅሪት ያለበት ቦታ ሳይረጥብ ገርጥቶ ይቀራል፤ በተለይ እግሩ ከክፈፉ ጋር የተጋጠመበትን ማዕዘን ተመልከት። ኮላ ዘይት አያሳልፍም፣ ስለዚህ አሁኑኑ በመፋቂያ አንሳው። አኳራጁ ተኖ ሲያልቅ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።

አንድ እርምጃ ይቀራል። ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥበህ ጨምቀውና እንጨቱን በስሱ አረስርሰው፣ ከዚያ እንዲደርቅ ለጥቂት ሰዓት ተወው። የተጨፈለቁት ቃጫዎች ይነሳሉ፤ መዳፍህን ስታሳልፍበት ይሻክርሃል። ባለቀው ቁጥር፣ ማለትም በ180 ወይም በ220፣ ሳትጫን አንዴ ብቻ አስተካክለው። ይህ ከተዘለለ መጀመሪያ ውሃ የሚፈስበት ቀን ያው ሻካራነት ጠረጴዛው ላይ ይመጣል። አቧራውን ጥረግ፣ የኦክን ቀዳዳዎችም በደረቅ ብሩሽ አጽዳ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፣ አየር የሚዘዋወርበትም ይሁን። ብናኝ የማያራግፍ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቆርጠህ አዘጋጅ፤ አንዱ መቀቢያ፣ ሌሎቹ መጥረጊያ። ከታች ጀምር፤ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ሆድ፣ ከዚያ እግሮቹን፣ በመጨረሻ ፊቱን። የመጀመሪያውን እጅ ሳትሰስት አርከፍክፈው፣ እንጨቱ እስኪረጥብ ድረስ። ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ተወው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠጥቶ የደበዘዘ ቦታ ካየህ እዚያ ላይ ጨምርበት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። መጥረግ ስል ላዩን ማበስ ማለቴ አይደለም። ጨርቁ ሲርስ ሌላ ቀይር፣ እሱም ሲርስ ሌላ፤ የመጨረሻው ጨርቅ ደረቅ ሆኖ እስኪመለስ። ስትጨርስ ፊቱ እርጥብ መስሎ ሳይሆን በስሱ ወዝ ይዞ መታየት አለበት። ማጠፊያዎችን፣ የጎድጎዳ ዳሮችንና የብሎን ጉድጓዶችን አትርሳ፤ ዘይት እዚያ ይጠራቀምና ሙጫ ሆኖ ይቀራል።

24 ሰዓት ጠብቅ። ሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ያሉት እጆች በጣም ስስ ናቸው። ጨርቁ ላይ ትንሽ አፍስሰህ አዳርስ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቀህ ጥረግ። ከሁለተኛው እጅ በኋላ በ320 በስሱ እለፍበትና ብናኙን አንሳ። ለመደርደሪያና ለኮሜዲኖ ሦስት እጅ ይበቃል። ውሃ፣ ዘይትና ትኩስ ሰሃን ለሚያርፍበት ፊት አራት ወይም አምስት አድርግ።

ለመጠኑ፣ አንድ ሊትር ለመጀመሪያው እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ያዳርሳል። ያንተ ጠረጴዛ ፊቱና ሆዱ ብቻ 2.56 ካሬ ሜትር ነው፤ እግርና ክፈፉ ሲጨመር 3.5 ይጠጋል። የመጀመሪያው እጅ ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር ይወስድብሃል፣ ቀጣዮቹ ከሲሶው እስከ ግማሹ። ስለዚህ ለጠረጴዛው አንድ ሊትር ይበቃሃል።

ስስ_እጅ

ቃጫ_በቃጫ ዋናውን ጨርሶታል። እኔ በነጠብጣቦቹና በሚጣበቀው ቁራጭ ላይ ልጨምር።

የሚያብለጨልጩት ነጠብጣቦች ዘይቱ ከኦክ ቀዳዳ ተመልሶ ያላበው ነው። ኦክ ቀዳዳው ሰፊና ጥልቅ ነው፤ ስታርከፈክፍበት ሞልቶ ይይዛል፣ ከጠረግከው በኋላ እንጨቱ ትንሽ ሲሞቅ ዘይቱ ሰፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። የወጣው ጠብታ ካልተነሳ እዚያው ይደርቅና ጠንካራ ኪንታሮት ይሆናል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ከጠረግክ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ ላብ እስኪያቆም በየግማሽ ሰዓቱ እየተመለስክ በደረቅ ጨርቅ አንሳው። ኦክ ላይ ይህ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እጅ ማታ ልትተኛ ስትል አትቀባ፤ ጠዋት ቀባው። ዘይት የተቀባ ዕቃ ፀሐይ ላይ ማውጣትም ያባብሰዋል። ደርቀው የቀሩትን በ320 ብርጭቆ ወረቀት ወይም በሹል መፋቂያ አንሳና ያንን ቦታ ብቻ በስሱ ዘይት ንካው።

የሚጣበቀው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ዘይቶች የሚደርቁት ተነው ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስደው እርስ በርስ በመያያዝ ነው። ወፍራም ሆኖ ሲቀር ላይኛው ቀድሞ እንደ ወተት ሰልባቦት ይይዝና አየሩን ይከለክለዋል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እንደዚያ የሆነ ነገር ብትጠብቀው በቶሎ አይድንም። ገና ሙጫ ሙጫ የሚል ከሆነ አኳራጅ ባረስከው ሸካራ የናይለን መፈግፈጊያ አሸው፣ ሲለቅልህ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ተሸብሽቦ ቆዳ ከያዘ ግን አኳራጅ አይፈታውም፤ መፋቅና ከ150 ጀምሮ መፈግፈግ ነው።

እባክህ ኦክ ላይ የብረት ሱፍ አትጠቀም። 0000 ቁጥር የሚባለው እጅግ ቀጭኑ እንኳ ጥቃቅን ብረት ቀዳዳው ውስጥ ይተዋል፤ ኦክ ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር የበዛበት እንጨት ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱና ታኒኑ ተዋህደው ጥቁር ነጥብ ይሠራሉ። ናይለኑ ይህን አያመጣም።

በትክክል ጠርገኸውም አልደርቅ ካለህ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥበት በዝቶበታል፣ አየር አይዘዋወርም፣ ዘይቱ አርጅቷል፣ ወይም እንጨቱ ላይ የአሮጌ ሰም ቅሪት አለ። ቲክና ሮዝውድ የመሳሰሉ በተፈጥሯቸው ቅባት ያላቸው እንጨቶችም መድረቁን ያዘገያሉ፤ እነሱን ከመቀባት በፊት በአሴቶን ጠርገህ ቶሎ መቀባት ይረዳል።

ፓይኑን በሚመለከት፦ ኦክ ላይ የሠራኸውን እዚያ እንዳለ አትድገመው። ፓይን ዘይትን እኩል አይጠጣም፤ አንዱ ቦታ ጠግቦ ይጠቁራል፣ አጠገቡ ገርጥቶ ይቀራል፣ ዥንጉርጉር ይሆንብሃል። መጀመሪያ ሰሙ የወጣለት ሸላክ (ከነፍሳት የሚገኝ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) በአልኮል በጣም አቅጥነህ አንድ እጅ ስጠው፤ ለአንድ ሊትር አልኮል 60 ግራም የሸላክ ቅርፊት ይበቃል። አንድ ሁለት ሰዓት ከደረቀ በኋላ በ320 በስሱ አስተካክለውና ዘይቱን ቀጥል። ሸላኩ የሚጠጣውን ቦታ ገታ ያደርገዋል። ሁሌም ቁራጭ ላይ ቀድመህ ሞክር፣ ፓይን ከጣውላ ጣውላ ይለያያል።

የመሳቢያ ውስጡን ዘይት አትቀባ። ተዘግቶ የሚኖር ቦታ አየር ስለማያገኝ አዝግሞ ይደርቃል፣ ሽታው ለወራት አይለቅም፣ ልብስም ይይዘዋል። ያንኑ ሸላክ ሁለት እጅ ስጠው፣ ወይም እንዲሁ ተወው።

ጠረጴዛ_ፊት (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጣሳውን ሳየው ጥሬው ዘይት ነው፤ ግልጽ ሆኖልኛል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቅልቅሉን ራሴ ላዘጋጅ ብል መጠኑ እንዴት ነው? ደግሞ ዘይት የነካ ጨርቅ ያቃጥላል ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው?

ታንግ_ወዳጅ

ከጨርቁ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ሥራ ቤት ሊያቃጥል የሚችለው እሱ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል። እንጨት ላይ ሙቀቱ ይበተናል። ተጨምድዶ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ጨርቅ ላይ ግን መውጫ አያገኝም፤ ሙቀቱ መድረቁን ያፋጥናል፣ መድረቁ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል፣ ከሰዓታት በኋላ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። የተልባ ዘይት፣ በተለይም ቦይልዱ፣ በዚህ የታወቀ ነው፤ ታንግና ዴኒሽ ኦይልም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

እያንዳንዱን ጨርቅ ዘርግተህ፣ ሳትደራርብ፣ ከቤት ውጭ ሽቦ ወይም አጥር ላይ ስቀለው፤ ደርቆ ሲገተር ከቆሻሻ ጋር መጣል ትችላለህ። ውጭ ቦታ ከሌለህ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ውሃ ሞልተህ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አስጥመው። በሥራ መሃል ለሻይ ስትነሳ እንኳ ጨምድደህ አግዳሚው ላይ አትተወው። ዘይት የነካ የብርጭቆ ወረቀት ብናኝና የመፈግፈጊያ ማሽን የአቧራ ከረጢትም ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ፤ ከረጢቱን በየዕለቱ አራግፈው።

ቅልቅሉ በመጠን ቀላል ነው፦ አንድ እጅ ዘይት (ቦይልድ ተልባ ወይም ታንግ)፣ አንድ እጅ በዘይት የሚሠራ ቫርኒሽ፣ አንድ እጅ አኳራጅ። ለምሳሌ 200፣ 200 እና 200 ሚሊ ሊትር። መጀመሪያ ዘይቱንና ቫርኒሹን ቀስ ብለህ አዋህድ፣ ከዚያ አኳራጁን ጨምር። አትናጠው፣ አረፋ ያወጣል። ቫርኒሹ ፖሊዩሪቴን ቢሆንም ይሠራል፣ በውሃ የሚቀጥነው ግን አይዋሃድም። የናይትሮ ቲነርም አትጨምር፤ ቫርኒሹን ያቆርጠዋል። ለጠረጴዛ ፊት ጥንካሬ ከፈለግክ ቫርኒሹን እጥፍ አድርገው፣ ማለትም 1 ለ 2 ለ 1። ቫርኒሽ ሲበዛ ቶሎ ስለሚይዝ መጥረግ የምትችልበት ጊዜ ያጥራል፤ ፊቱን በሁለት ከፍለህ ሥራ። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጅ።

ከቃጫ_በቃጫ ጋር የምለያየው ንጹሕ ታንግ ለጠረጴዛ አይሆንም በሚለው ነው። ጊዜ ካለህ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጆች ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ አቅጥናቸው፣ ቀጣዮቹን ሦስት እጆች ሳታቀጥን በጣም ስስ አድርግ፣ በመሃላቸው ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቅ። ዕቃው ከሦስት ሳምንት በላይ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ነው ማለት ነው። የምታገኘው ግን ወዙ ድንግዝግዝ ያለ፣ ስትነካው እንጨት እንጂ ላስቲክ የማይል ፊት ነው፤ ለእኔ ያ ጊዜውን ያወጣል። ስትገዛ ጣሳው ላይ «ታንግ ኦይል ፊኒሽ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ እንዲህ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የቀጠነ ቫርኒሽ ናቸው። ንጹሑ «100 በመቶ» ወይም «ንጹሕ» ይላል፣ ውስጡም አኳራጅ አይሸትም።

ቃጫ_በቃጫ

ታንግ_ወዳጅ፣ ንጹሕ ታንግ አይሆንም አላልኩም፤ በየቀኑ ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ወር ሙሉ ሊቆምለት የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ወዙ ላይ ግን እስማማለሁ።

ዘይት «እንጨቱን ከውስጥ ይጠብቃል» የሚለውን አባባልም አትመነው። ከተቆረጠው ጫፍ በስተቀር ዘይት የሚዘልቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ውሃ የሚመክተው ፊቱ ላይ በስሱ የደረቀው ነው፤ እሱም ስስ ስለሆነ ውሃ ለሰዓታት ከተኛበት ያልፋል። ዘይት የተቀባ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ነገር ቶሎ ይጠረግ፣ ትኩስ ድስትም ማስቀመጫ ይደረግለት። የዘይት ብልጫው ጥገናው ነው። የውሃ ክብ ወይም ጭረት ሲመጣ ያንን ቦታ ብቻ በ320 ፈግፍገህ አንድ ሁለት እጅ ትቀባለህ፣ የጠገነው እጅ አይታይም። ቫርኒሽ ቢሆን ሙሉውን ፊት ማንሳት ነበረብህ።

የኦክ ቀዳዳ ትንሽ ሞላ ብሎ ፊቱ እንዲለሰልስ ከፈለግክ ሦስተኛውን እጅ በብርጭቆ ወረቀት ቀባው። 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ውሰድ፣ ዘይቱን ፊቱ ላይ አፍስስና በወረቀቱ ቃጫውን ተከትለህ በክብ በክብ ሳይሆን በቀጥታ አሸው። የእንጨቱ ዱቄትና ዘይቱ ተዋህደው ጭቃ ይሆናሉ። አምስት ደቂቃ ተወውና በጨርቅ ከቃጫው በተሻገረ አቅጣጫ ጥረግ፤ እንዲህ ስታደርግ ጭቃው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ ቃጫውን ተከትለህ ብትጠርግ ግን ይዞት ይወጣል። መጨረሻ ላይ ብቻ ቃጫውን ተከትለህ በስሱ አስተካክል። ለዚህ እጅ ከ24 ይልቅ 48 ሰዓት ስጠው።

ለቀጣዩ እጅ መድረሱን በሰዓት ብቻ አትወስን። በማይታይ ቦታ 320 ብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ አሳልፍበት። ነጭ ዱቄት ካወጣ ደርቋል። ወረቀቱን ሞልቶ ጥቃቅን ኳሶች ከሠራ አልደረሰም፣ ሌላ ቀን ጨምርበት። አፍንጫህንም ጠጋ አድርግ፤ የዘይት ሽታው ስል ከሆነ ገና ነው። መጨረሻውን እጅ ከቀባህ ከሦስት ቀን በኋላ ቀላል ዕቃ ልታስቀምጥበት ትችላለህ፣ እርጥብ ጨርቅና ትኩስ ነገር ግን አንድ ወር ያህል አታስነካው። ሰም ልትደርብ ካሰብክም ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ሰም ከገባ በኋላ ሌላ ዘይት አይይዝም።

የተረፈውን ቅልቅል በግማሽ ጎዶሎ ጣሳ አትተወው፣ ውስጡ ያለው አየር ቆዳ ያሲዘዋል። ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጠህ እስከ አፉ ሙላው፣ ቀኑንና መጠኑን ጻፍበት። ቆዳ ከያዘ፣ ወይም እንደ ማር ከወፈረ፣ አትቀባበት።

ጠረጴዛ_ፊት (ጠያቂ)

በጣም ግልጽ ነው። 1 ለ 2 ለ 1ን ቦይልድ ገዝቼ በኦክ ቁራጭ ላይ እሞክራለሁ፣ ፓይኑን በሸላኩ። ቫርኒሹ የበዛበት ቅልቅል ላብ ማውጣቱ ይቀንሳል?

ስስ_እጅ

ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም፤ ቀዳዳው ያው ነው። ቫርኒሽ ሲበዛ ደግሞ ያላበው ጠብታ ቶሎ ስለሚደርቅ የመመለሻ ጊዜህን ወደ 10 ደቂቃ አሳጥረው። የመጀመሪያውን እጅ ብቻ በአኳራጅ አቅጥነህ 1 ለ 2 ለ 2 ብታደርገው ይሻላል።